ሽምግልናው ላይ ባለመገኘቴ ልጆቼን አጣለሁ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። የተሳቢ ሹፌር ነኝ፣ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ባለቤቴ የፍቺ ክስ አቅርባብኛለች። የ7 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ፍርድ ቤቱ ‹ሽማግሌ መርጣችሁ ተነጋገሩ› ብሎን ነበር። የቀጠሮው ቀን ወደብ ላይ ጭነት ስጠብቅ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ‹ባል አልተገኘም› ብለው ለፍርድ ቤቱ ጽፈዋል አሉኝ። የባለቤቴ ወንድም ‹በቃ ልጆቹን እርሳቸው› አለኝ። እውነት ነው? ልጆቹ አሁን አፈተኢሳ አያታቸው ቤት ከእናታቸው ጋር ናቸው። እኔ ጋ ያለችው እናቴ ናት።»

ወንድሜ፣ ድሬ ነንና አንተ እያልኩ ልቀጥል። አንቱታው ለችሎት ይቆየን።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የባለቤትህ ወንድም ዳኛ አይደለም። ሽምግልና ላይ የቀረ አባት ልጁን ያጣል የሚል አንቀጽ በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ የለም። ይህን አንብበህ ግን እፎይ ብለህ ወደ ቀጣዩ ቢያጆ እንዳትሄድ። መቅረትህ ሌላ ነገር አሳጥቶሃል። እሱን ካልመለስከው ዞሮ ዞሮ ልጆቹ ጋ ይደርሳል። ምን እንዳሳጣህ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን አውጣና እየው። ሰው ቢሮዬ ሲመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቀረኸው ከየት ነው?» የሚል ነው። ሁሉም «ሽምግልና ቀረሁ» ይለኛል። ወረቀቱን ስቀበለው ግን አንዳንዴ የችሎት መጥሪያ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ በፍርድ ቤቱ ውስጥ ካለ አስማሚ የተሰጠ ቀጠሮ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማህተም አለበት። በሰው አፍ ሁሉም «ሽምግልና» ነው። በሕግ ፊት ግን ከአንዱ መቅረትና ከሌላው መቅረት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከጻፍከው እንደተረዳሁት ያንተ ተጋቢዎች ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች የሚደረገው ነው። እሱን አስቀድሜ ሌሎቹን ከታች አነሳቸዋለሁ።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ከተማችን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች የፍቺና የልጅ ጉዳይ የሚታየው እዚሁ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ሐረር ሆናችሁ የምታነቡ ግን የእኔን የአንቀጽ ቁጥሮች ይዛችሁ እንዳትከራከሩ። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ከባቢሌ ወይ ከሐረማያ ከሆናችሁ ደግሞ የኦሮሚያው ነው የሚመለከታችሁ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። አንደኛው ወገን ብቻ ፍቺ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ አያፋታም። አንቀጽ 82 መጀመሪያ ዳኛው ራሱ እንዲያግባባችሁ ይለዋል። ካልሆነለት በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች በኩል እንድትነጋገሩ ይመራችኋል። ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ሽማግሌዎቹ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃሉ። ሥራቸው እዚያ ላይ ያበቃል። አያፋቱም፣ ልጅም አይሰጡም።

ታዲያ ሰው ለምን «ሽማግሌ ፊት ካልቀረብክ አለቀልህ» ይላል? ምክንያቱ ከድሮ የመጣ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። አባቶቻችን ሲፋቱ ሽማግሌ ፊት መቅረት ማለት ዳኛ ፊት መቅረት ነበር። የ1992ቱ ሕግ ያንን ሥልጣን ወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠው። ሕጉ ተለወጠ፣ የሰፈር ወሬው ግን እዚያው ቀረ። አማችህ የነገረህ የአባቱን ዘመን ሕግ ነው።

ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ የሚለውን ዳኛው የሚወስነው በአንቀጽ 113 ነው። አንቀጹ የሁለታችሁን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ ይጠራል። የልጆቹን ዕድሜና ጥቅምም ይጨምራል። «ቀጠሮ ማክበር» የሚል ቃል የለበትም። ከላዩ ላይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 አለ፤ ልጅን በሚመለከት ነገር ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። ዳኛ «ሽማግሌዎቹን ንቋል» ብሎ በልጆች ሊቀጣህ አይችልም። ልጅ የቅጣት መክፈያ አይደለም።

ስለ ትንሹ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። «ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እሱም ከድሮው ሕግ የቀረ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆይ ይል ነበር። አዲሱ ሕግ ውስጥ ያ ቁጥር የለም። እውነቱን ልንገርህ ካልክ ግን ዳኞች የ4 ዓመት ልጅን ከእናቱ ለመለየት ዛሬም ይከብዳቸዋል። ቁጥሩ ከሕጉ ወጣ እንጂ ከሰው ልብ አልወጣም።

እና ምን አጣህ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ጊዜ ነው። ፍርድ ቤቱ የሽማግሌዎቹን ሪፖርት ከተቀበለ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ በፍቺው ላይ መወሰን አለበት። «ባል አልተገኘም» የምትለዋ አንድ መስመር ያንን ሰዓት አስጀምራዋለች። አንተ ደወሌ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ መዝገቡ እየሄደ ነው።

በዚህ መሃል ደግሞ ጊዜያዊ ትእዛዝ አለ። ክሱ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ለጊዜው ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ፣ ንብረቱን ማን እንደሚይዝ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ጊዜያዊ ነው ይባላል። ነገር ግን ልጅቷ አፈተኢሳ አጠገብ ትምህርት ቤት ከገባች፣ ጓደኛ ካፈራች፣ ትንሹም አያቱን ከለመደ፣ ዳኛው ከወራት በኋላ ያንን ኑሮ ማፍረስ አይፈልግም። አይፈረድበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላፈርሰውም ነበር።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ አባት ልጁን አክስት አሳድጋው ቆይታ በኋላ «አባቱ ነኝ፣ ስጡኝ» ብሎ መጣ። የበታች ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ግን ሻረው። የልጁ ጥቅም ከወላጅ መብት በፊት ይታያል አለ። ልጁም ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቀር ሆነ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ ዳኛው «ማን ወለደ?» ከማለቱ በፊት «ማን ከልጁ ጋር ነበረ?» ይላል። ወንድሜ፣ ያንተ ችግር እዚህ ጋ ነው እንጂ የዚያን ቀን ቀጠሮ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ያጣኸው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

በወር ስንት ቀን ድሬ ትገኛለህ? ወደብ ላይ ወረፋ ሲበዛ የአንድ ሳምንት ቢያጆ ሁለት ሳምንት ይሆናል። በዚህ ሥራ ልጆቹ በቋሚነት ካንተ ጋር ይኑሩ ብለህ ብትጠይቅ ላታሸንፍ ትችላለህ። የምትሸነፈው በመቅረትህ ሳይሆን በሥራህ ነው። እናትህ አንተ ጋ መኖራቸው ይረዳሃል፣ ጥሩ ነው። ግን የባለቤትህ ጠበቃ «ልጆቹን የሚያሳድጓቸው አባታቸው ናቸው ወይስ የአባታቸው እናት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ላንተ ዋናው ጉዳይ ልጆቹን መቼና እንዴት ታገኛቸዋለህ የሚለው ነው። አንቀጽ 113 ዳኛው በዚህም ላይ እንዲወስን ያዘዋል። ችግሩ ዳኛው በቀን ብዙ መዝገብ አለው። የጭነት ወረፋህን አያውቅም፣ ለማወቅም ጊዜ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ዓይነት ነው፦ «አባት ልጆቹን በየቅዳሜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይጎብኝ»። ለባንክ ሠራተኛ ድንቅ ትእዛዝ ነው። ላንተ ግን ወጥመድ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጅቡቲ ነህ። ሁለተኛው ቅዳሜ መንገድ ላይ ነህ። ሦስተኛው ቅዳሜ ትመጣለህ፣ ልጆቹ ግን መጠበቅ ሰልችቷቸው ሌላ ቦታ ሄደዋል። ማክሰኞ ድሬ ገብተህ ልጆቼን ልያቸው ስትል «ቀንህ ቅዳሜ ነው» ትባላለህ። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ላይ «አባት የመጎብኘት መብቱን አይጠቀምም» ተብሎ ይጻፋል። አየህ እንዴት እንደሚዞር?

ይህን ወጥመድ የሚፈታው ቦታ ሽምግልናው ነበር። «ድሬ የገባሁ ዕለት እደውላለሁ፣ በማግስቱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ፣ ሁለት ሌሊት ሳቢያን ያድራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳቸዋለሁ» የሚል ነገር የሚባለው ሻይ ተይዞ ፀሐይ በረድ ስትል በሽማግሌ ፊት ነው። መንገድ ላይ ስትሆን ማታ በስልክ የምታወራቸው ሰዓት፣ የአረፋ ወይ የገና በዓል ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ልጁ ቢታመም ለማን ቀድሞ እንደሚደወል የሚነሳውም እዚያው ነው። ዳኛ ፊት እነዚህን ብታነሳ «ነጥቡን ንገረኝ» ትባላለህ። የቀረህባት ያቺ ወንበር ናት።

ደስ የሚለው ወንበሯ ሙሉ በሙሉ አልተነሳችም። አንቀጽ 83 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ስለ ፍቺው ውጤት፣ ማለትም ስለ ልጆችና ስለ ንብረት፣ እንድትስማሙ ድጋሚ ዕድል እንዲሰጣችሁ ያደርጋል። ካልተስማማችሁ ነው ፍርድ ቤቱ ራሱ ወይም በሽማግሌ ወይም በባለሙያ አማካይነት የሚወስነው። ስለዚህ ትዳሩ ባይተርፍም ስለ ልጆቹ የመነጋገሪያ ሁለተኛ በር አለ።

አሁን ምን ታደርጋለህ?

መጀመሪያ ራስህ የመረጥካቸውን ሽማግሌዎች ፈልጋቸው። አቦ፣ እነሱ እኮ ያንተ ሰዎች ናቸው! ሹፌር መሆንህን ያውቃሉ። «መንገድ ላይ ነው፣ እስኪመጣ አንድ ሳምንት እንቆይ» ማለት ነበረባቸው። ደውለህላቸው ከነበረ የስልክህን የጥሪ ዝርዝር አሳያቸው። ሪፖርቱ ገና ካልገባ ቀጠሮ እንዲያዛውሩ ጠይቅ። ከገባ ደግሞ ተጨማሪ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፉልህ ለምናቸው፤ የቀረህበትን ምክንያትና ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆንህን የሚገልጽ። ሽማግሌ ይቅርታ ለሚጠይቅ ሰው አይጨክንም። ስትሄድ ግን ከታላቅ ሰው ጋር ሂድ፣ ብቻህን አትሂድ። እናትህ አብረውህ ቢሄዱ ደግሞ የተሻለ።

ከዚያ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አመልክት። አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ ከድሬ እንደወጣህ፣ መቼ እንደተመለስክ፣ ለምን ማሳወቅ እንዳልቻልክ ጻፍ። ቃለ መሐላ አያይዝ። ከሥሩ የጭነት ሰነድህን፣ የድንበር ማህተም ያለበትን ወረቀት፣ ካለህ ከመኪናው ባለቤት ወይም ከማኅበሩ የተጻፈ ማረጋገጫ አድርግ። ማመልከቻው ላይ «ይቅርታ» ብቻ ብለህ እንዳታበቃ። ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ሽምግልናው ለአጭር ጊዜ እንዲቀጥል፣ እስከዚያው ልጆቹን ድሬ በምትገኝባቸው ቀናት እንድታገኛቸው ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ። ከላይ የነገርኩህን የጉብኝት ዕቅድ በቀንና በሰዓት ከፋፍለህ አያይዘው። የትኛው ልጅ የት ትምህርት ቤት እንደሚማር፣ መምህሯ ማን እንደሆነች፣ ትንሹ ምን እንደማይበላ የሚያውቅ አባት የጻፈው ወረቀት ያስታውቃል። ዳኛ ሰው ነው፣ ልዩነቱን ያያል።

በነገራችን ላይ እኔ ራሴ ለሌላኛው ወገን ስቆም «ለአንድ ሰዓት ሽምግልና ጊዜ ያጣ ሰው ለልጆቹ ጊዜ ያገኛል?» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጠበቆች እንወደዋለን። ባለቤትህ ጠበቃ ካላት እንደምትሰማው እወራረዳለሁ። መልሱ በአንድ ቀን ንግግር አይሰጥም። ከዚያ ቀን በኋላ ምን አደረግክ የሚለው ነው መልሱ። በሦስተኛው ቀን ያመለከተ ሰውና በአራተኛው ወር «እኔኮ መንገድ ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው እኩል አይታዩም።

ቀለቡን አታቋርጥ። ትእዛዝ ባይሰጥም ላክ። በእጅ አትስጥ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ላክና ምክንያቱ ላይ «የልጆች ቀለብ» ብለህ ጻፍ። «ልጆቼን ካላሳየችኝ ገንዘብ የለም» የሚል አባት በየሳምንቱ ይመጣብኛል። ልጁ የሚበላው ያንተን ንዴት አይደለም። ልጆቹንም ሳትነጋገሩ ከትምህርት ቤት ወስደህ ጅግጅጋ ወይ አዳማ ዘመድ ጋ እንዳታስቀምጥ። ከሽምግልና መቅረት ይቅር ይባላል። ይህኛውን ግን ከመዝገቡ ላይ ማንም አይፍቅልህም።

መንገድ ላይ ስለምትውል ወኪል ያስፈልግሃል። ወንድም ካለህ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውክልና ስጠው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ለቅርብ ዘመድ ይፈቅዳል። ጠበቃ ብትይዝ ይሻላል። አቅም ካጣህ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ኮሌጅ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ጠይቅ። ወኪል ግን ለችሎት እንጂ ለሽምግልና ብዙ አይጠቅምም። ሽማግሌ የሚፈልገው አንተን ነው። መዝገብ ቤቱም ስልክህን አስመዝግብ። መጥሪያ ለጎረቤት ተሰጥቶ ጎረቤት ረስቶት ስንት ጣጣ መጥቷል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ወረቀቶች ልመለስ። አንተን ባይመለከትም ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው አለ።

ወረቀቱ ከአስማሚ ከሆነ፦ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አሠራር አምጥቷል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ጉዳዩን ወደ አስማሚ ይመራዋል። ስምምነት ከተገኘ ዳኛው አይቶ ያጸድቀዋል፤ ካልተገኘ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለሳል። እዚያ የተባለው ነገር በችሎት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ስለዚህ ሰው ያለ ፍርሃት ሊያወራበት የሚችል ክፍል ነው። እሱን መዝለል ኪሳራ ነው፣ በራሱ ግን ልጅ አያስነጥቅም። እግረ መንገዴን፦ ሁለታችሁም ብትፈርሙበት እንኳ የልጅ ጉዳይ ለግል ዳኛ ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ፍቺንና ሞግዚትነትን ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡት ጉዳዮች መድቧቸዋል።

ወረቀቱ የችሎት መጥሪያ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። የልጆቹም ነገር በአንድ ወገን ቃል ብቻ ይወሰናል ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀርቦ በቂ ምክንያት ካስረዳ ሊደመጥ ይችላል። ውሳኔ ከተሰጠ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 አለ፤ ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። መጥሪያው በትክክል አልደረሰኝም ወይም በበቂ ምክንያት ቀረሁ ማለት አለበት። «ሥራ በዝቶብኝ» በቂ ምክንያት አይደለም። ሆስፒታል መተኛት ነው። ድንበር ላይ መታገድም በሰነድ ከተረጋገጠ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ደግሞ ለሹፌር ሦስት ቢያጆ ነው፤ ሳይታወቅ ያልፋል።

ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ የሸሪዓው ነው። ድሬ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እዚያ ስለሚሄድ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የትዳር፣ የፍቺ፣ የቀለብና የሞግዚትነት ጉዳይ የሚያዩት ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ነው የሚለው። ሰው ታዲያ «እኔ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ አልሄድም» ይልና ቤቱ ይቀመጣል። ስህተት! አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ተከሳሽ ሥልጣኑን እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። አንዴ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ልዙር ማለት አይቻልም። ካልፈለግክ ሄደህ ቃዲው ፊት «አልፈቅድም» ማለት አለብህ። ያን ጊዜ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ባለመሄድ እምቢ ያለ የሚመስለው ሰው በሕግ ፊት እሺ ብሏል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እዚህ አይሠራም።

ሌላ አንድ ነገር። ከሽምግልና የሚቀረው ሁሉ በሥራ ወይ በንቀት አይደለም። ባለፈው አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ቀርታ «እምቢተኛ ናት» ተብሎ ተጻፈባት። ስጠይቃት ባሏ ይደበድባት ነበር፤ ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያንቀጠቅጣታል። ለማንም አልተናገረችም፣ አፍራ። እንዲህ ያለሽ እህቴ፣ አትቅሪ፤ ግን አብረሽው አትቀመጪ። ለፍርድ ቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ንገሪ። ሽማግሌዎቹ ለየብቻ ያናግሯችሁ ወይም ሽምግልናው ይቅርብኝ ብለሽ ጠይቂ። የሐኪም ወረቀት ወይም የፖሊስ ማመልከቻ ካለሽ አያይዢው። ያ መቅረት ሲብራራ ለልጆቹ ጉዳይ የሚያመጣው መልስ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ወንድሜ፣ ምናልባት የመጨረሻው ውሳኔ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኑሩ የሚል ይሆናል። ከሆነም ለዘላለም የተዘጋ አይደለም። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል፤ ያው አንቀጽ 113 ነው የሚፈቅደው። መኪናውን ትተህ ከተማ ውስጥ ሥራ ብትይዝ፣ ልጆቹ ከፍ ቢሉ፣ እናታቸው ከድሬ ብትወጣ እንደገና ይታያል።

አማችህን ደግሞ አትጣላው። የልጆችህ አጎት ነው። ነገ ልጁን ከትምህርት ቤት በባጃጅ የሚያመጣልህ እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ይህን እያነበብክ ድሬ ከሆንክ ማታውኑ ለሽማግሌዎቹ ደውል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት ተገኝ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጽፈህና ማህተም አስመትተህ ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው። መንገድ ላይ ከሆንክ ወንድምህን ላከው።